ችግሩ የግንዛቤ እጥረት አይደለም

ስለ አእምሮ ጤና በአገራችን ከተሠሩት ጥናቶች እጃችሁ የገባውን አንሡና የመጨረሻውን ምዕራፍ ግለጡ። የተጠኑት ታራሚዎች ይሆናሉ፤ ተፈናቃዮች፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያን፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ወይም የጎዳና ልጆችም ሊሆኑ ይችላሉ። ቦታው ጅማ፣ ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ይሆናል። መዝጊያው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ የኅብረተሰቡ ግንዛቤ አነስተኛ ስለሆነ ሰፊ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ሊሠራ ይገባል። የወረዳው ሪፖርትም፣ የድርጅቶቹ ዐውደ ጥናትም፣ የሬዲዮው እንግዳም በዚሁ ይስማማሉ። ከዚያ ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይፈረማል፣ ስብሰባው ይበተናል።

እኔ በዚህ አልስማማም። በጎጃም ደጋ የሚኖር ችግረኛ ሕመሙ ሳይታከም የሚከርመው ባለማወቁ አይደለም። መድኃኒቱ ስለራቀበት፣ መንገዱ ስለሚያስከፍለው፣ በባዶ ሆድ ክኒን ስለማይዋጥለት፣ እግሩን የሚታጠብበት ሳሙናና የሚያጠልቀው ጫማ ስለሌለው ነው። ይህን ሁሉ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ መዝጋት የበጀትን ጉድለት ወደ ድሃው ጭንቅላት ማዛወር ነው።

ነገሩን ቁይ ላይ አስቀምጠን እንየው። ቁይ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን ጤፍና ስንዴ የሚያርስ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ይኖራል። ከከተማዋ የሁለት ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። የሃያ ዓመት ልጇ ብቻውን ያወራል፤ ሌሊት በር ከፍቶ ይወጣል፤ «ሊገድሉኝ ነው» ይላል። ይህች እናት ልጇ መታመሙን አታውቅም? እሷ ብቻ ሳትሆን ጎረቤቱም፣ የነፍስ አባቷም፣ የእድሩ ዳኛም ያውቃሉ። ደብረ ማርቆስ ሐኪም እንዳለም ሰምታለች። ያጣችው ወሬውን አይደለም።

ያጣችውን እንቁጠር። ልጁን ይዘው የሚሄዱ ሁለት ጎልማሶች ያስፈልጓታል፤ አጨዳ ከሆነ የጎልማሳ ቀን ዋጋ አለው። የአራት ሰው መሳፈሪያ ትከፍላለች፤ ሹፌሩ «ይረብሻል» ብሎ ከፈራ ደግሞ ትለምናለች። ካርድ ታወጣለች፤ መሽቶባቸው ካደሩም ማደሪያና እራት አለ። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ካለ እሰየው። ከሌለ «ከውጭ ግዙ» የሚል ወረቀት ትቀበላለች፤ ያን ጊዜ የጤና መድን ደብተሯ ከመሀረቧ ሳይፈታ ይመለሳል። በወሩ እንደገና ነው። መጀመሪያ በጉ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ጊደሯ፣ ቀጥሎ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል። በአራተኛው ወር ስትቀር መዝገቡ ላይ «ሕክምናውን አቋርጧል» ተብሎ ይጻፋል። ተመራማሪው መዝገቡን ያገላብጥና ያቋረጡትን ይቆጥራል። ምክንያቱንም ያገኘዋል፦ ግንዛቤ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ጨምሯል። መንገድ በተዘጋ ቀን መድኃኒት አይገባም፣ በሽተኛም አይወጣም። በዚያን ቀን ለዚች እናት ስለ አእምሮ ሕመም ምንነት የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት መስጠት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

«ይህ ግምት ነው፤ ማስረጃው የታለ?» የሚል አይጠፋም። ማስረጃው እዚሁ አገራችን ተሠርቷል፤ ችግሩ ተሠርቶ የተቀመጠውን የሚያነብ ማነሱ ነው። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የአእምሮ ሕክምናን ከሆስፒታል አውርደው ጤና ጣቢያ አስገቡት። እነ ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎን የመሩት ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የመንደር ሰዎች ጠና ያለ ሕመም ያለባቸውን እየለዩ ላኩ። ከሚጠበቁት ሕሙማን ከ10 ወደ 8 የሚጠጉት መጡ። እርግጥ የመንደሩን ሰው ማስተማር በሥራው ውስጥ ነበር። ግን የተማረው ሰው በሽተኛውን የላከው መድኃኒት ወዳለበት፣ ባለሙያ ወደሚጠብቅበት፣ ቅርብ ወደሆነ ቤት ነው። የሶዶ ሰው ስለ መንፈስና ስለ መተት ያለው እምነት በአንድ ዓመት አልተገለበጠም። የተገለበጠው ጤና ጣቢያው ነው።

በዚያው ወረዳ ሕክምናውን ጀምረው የተዉትን «ለምን አቋረጣችሁ?» ብለው ሲጠይቋቸው የተገኘው መልስ ድህነት፣ የሚያግዝ ሰው ማጣትና መድኃኒቱ በሰውነት ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነበር። በአገራችን ይህን መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች የሚሉትን አንድ ነገር ሐኪሞች ደጋግመው ይሰሙታል፦ መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል። ምግቡ ደግሞ የለም። በሶዶ በተደረገ ሌላ ጥናት ጠና ያለ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች 32.5 በመቶ የሚሆኑት ቤታቸው ከባድ የምግብ እጦት ያለበት ሲሆን በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ይኸው 15.9 በመቶ ነበር። እጥፍ ማለት ነው። ርሃብ የሚያባብስ ክኒን ይዞ ወደ ባዶ ሌማት የሚመለስን ሰው «መድኃኒቱን የመውሰድ ጥቅም አልገባውም» ማለት ምን ይባላል?

ቡታጅራ የባሰውን ይነግረናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ቤት ለቤት እየሄዱ መረመሩ። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ከ10 ዘጠኙ ገደማ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከዚያም ጠና ያለ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ተከታተሉ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው የአካባቢው ሰው ወደ 30 ዓመት ቀድመው ይሞቱ ነበር። የገደላቸው ምንድን ነው? ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነው። ጎረቤታቸው ታክሞ የሚድንበት ሕመም እነሱን ይገድላቸዋል፤ ሲያተኩሳቸው ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ስለሌለ፣ ቢደርሱም «እሱ ያው ዕብድ ነው» ተብሎ ልባቸው ላይ ጆሮ የሚያስቀምጥ ስለማይገኝ። እዚህ ላይ ግንዛቤ የጎደለው አለ ከተባለ ነጭ ጋዋን የለበሰው ነው እንጂ የተኛው አይደለም።

ለቁይና ለአካባቢዋ ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ ግን እግር ላይ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ዝሆኔ ከበረታባቸው የአገራችን ክፍሎች ናቸው። ይህ ዝሆኔ ከትንኝ አይመጣም። ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሄደ ሰው፣ የአፈሩ ብናኝ በቆዳው ገብቶ የሚያመጣበት እብጠት ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ምክንያቱን ተከታትሎ ያገኘው። በደንበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች ተዳስሰው፣ ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ከ100 ሰዎች ሦስት ያህሉ ሕመሙ ተገኘባቸው።

እነዚህ ሰዎች በልባቸው ምን ይሸከማሉ? በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ አንድ ጥናት ዝሆኔ ያለባቸውን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጸረ። የድባቴ ምልክት የታየባቸው በሕሙማኑ 12.6 በመቶ፣ በጎረቤቶቻቸው 0.7 በመቶ ነበሩ። አንድ አፈር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ገበያ፤ የሚለያቸው እግራቸው ነው። ታዲያ የባለግንዛቤዎቹ ትርጓሜ ምን ሆነ? «ኅብረተሰቡ በሽታው በዘር ይተላለፋል ብሎ ስለሚያምን ያገልላቸዋል፤ ስለዚህ ማስተማር ነው።»

ይህ ትርጓሜ አንድ ጣጣ አለበት፦ ገበሬው ስለ ዘር የሚለው በከፊል ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በዝሆኔ የመያዝ ተጋላጭነት በዘረመል እንደሚወረስ አሳይቷል። የጎጃም ገበሬ በአንዳንድ ቤት እየተመላለሰ ሲያየው ኖሮ የደመደመውን፣ ቤተ ሙከራው ከዘመናት በኋላ ደረሰበት። እንግዲህ «የተሳሳተ ግንዛቤ» ያልነው ዕውቀት ከሆነ፣ መገለሉን በትምህርት እንዴት እናጠፋዋለን? ከታመመች ልጅ ጋር መጋባትን ለሚፈራ የሙሽራ ቤተሰብ «አይ፣ ዘር ብቻውን አይደለም፤ ባዶ እግርና ቀይ አፈርም ሲጨመር ነው» ብንል ቅር ያለው ሽማግሌ ይረካል? የሚረካው የልጅቱ እግር ሲድን፣ ጫማ ስታጠልቅ፣ ለሰንበቴ ስትወጣ ሲያያት ነው።

ይህ ደግሞ ይቻላል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ አለ። ሕክምናው ሲታይ ቀላል ነው። ጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል፤ እግሩ በሳሙና ይታጠባል፤ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ ይነከራል፤ በጣቶቹ መሐል ያለው እርጥበት በጨርቅ ይደርቃል፤ ቅባት ይቀባል፤ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ካልሲና ጫማ ይደረጋል፤ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ ነው። ዝሆኔ በድንገት ሲነሣ ሰውነት ያተኩሳል፣ እግር ይግላል፣ ሰውዬው አልጋ ላይ ይውላል። ሕክምናውን ቀድመው ያገኙት ሕመሙ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ ተራ የሚጠብቁት ግን 23.9 ጊዜ ተነሣባቸው። ልዩነቱ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ነው። አንድ ገበሬ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ተጨማሪ ከአልጋ ተነሥቶ እርፉን ጨበጠ ማለት ነው። ይህን ያመጣው በስብሰባ ላይ የተነገረ ቃል አይደለም፤ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። ያበጠ እግር ደግሞ የገበያ ጫማ አይገባለትም፤ በልኩ የሚሠራለት ይፈልጋል። ሳህኑን የሚሞላው ውሃም ከምንጭ በጀርባ የሚመጣ ነው። ዝሆኔ ላለባት ሴት «እግርሽን ታጠቢ» ብሎ ከመምከር በፊት እንስራውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

አሁን የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ክርክር እንስማ። «ሰዉ ሐኪም ቤት ትቶ ጠበል ይሄዳል፤ ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው ይላል። ይህ የግንዛቤ እጥረት ካልሆነ ምንድን ነው?» ይላሉ። ጠበሉን ከጤና ጣቢያው ጎን አስቀምጣችሁ እዩት። ጠበል ቅርብ ነው። ካርድ አያስወጣም። ቅዳሜና እሑድ አይዘጋም። የመጣውን «ነገ ተመለስ» አይልም። በሽተኛው እዚያው ከርሞ ከመጣው ምእመን ቆሎና ዳቦ ይካፈላል፤ እናቱም ብቻዋን አይደለችም። በዚህ ሁኔታ ጠበል የሄደ ሰው አስቦ የወሰነ ሰው ነው። እምነትም ከመድኃኒት አይከለክልም። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር «ሕዝቡ ጠበሉን ትቶ አይመጣም» ያሉ ነበሩ። መድኃኒቱ በነፃ ሆነ፣ ቀረበ፣ ሰውም ወሰደው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አንድ ላይ እንደሚሄዱ በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል ያፈራው የሚዋጠው መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ስለነበረ ነው።

«መገለሉስ?» ይላሉ ቀጥለው። እውነት ነው፤ በቡታጅራ አካባቢ 178 የሕሙማን ዘመዶች ተጠይቀው ከ100 ሰባ አምስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። «ሰንሰለቱስ? ሕመምተኛን ከግንድ ማሰር የአላዋቂ ሥራ አይደለም?» አይደለም። አስረው የሚያኖሩ ቤተሰቦች በሶዶ ተጠይቀው ያስረዱት ሌላ ምርጫ ማጣታቸውን ነው፤ ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታ፣ እናቱ ውሃ ወርዳ እስክትመለስ። ከዚያ ሕክምናው ጤና ጣቢያ ገባ። ሲጀመር ከሕሙማኑ ከአራት አንዱ ያህል ባለፈው ጊዜ ታስሮ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ከ10 አንዱ ገደማ ሆነ። ሰንሰለቱን የፈታው ከበሽታው መሻሉ ነው። ሰውን የሚሸሹት ሲወረውርና ሲጮህ ነው፤ ሲያርስና ሲያጭድ የሚያዩትን ለደቦ ይጠሩታል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ «ግንዛቤ» የሚለው መደምደሚያ ለምን አይሞትም? ርካሽ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ የተሳታፊን ቁጥር በሪፖርት ማስገባት ከባድ አይደለም፤ ለአንድ ወረዳ ዓመቱን ሙሉ መድኃኒት ሳይቋረጥ ማቅረብ ግን ግዥ፣ መኪና፣ ባለሙያና ተጠያቂነት ይፈልጋል። ደግሞም ግንዛቤ ማንንም አያስቀይምም። «መድኃኒቱ ለአምስት ወር አልነበረም» ብሎ ለጻፈ ተመራማሪ አንድ ኃላፊ ስልክ ይደውልለታል፤ «ኅብረተሰቡ አላወቀም» ብሎ የጻፈን ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ኅብረተሰቡ ስልክ የለውም።

ሌላው ጥፋት መጠይቁ ውስጥ ነው። ጥናት የጠየቀውን ብቻ ያገኛል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ዕውቀትና አመለካከት ብለው ከጠየቁ፣ ከስሌቱ የሚወጣው «የትምህርት ደረጃው ዝቅተኛ የሆነ የበለጠ ይጨነቃል» ነው። የመድኃኒት መደርደሪያው፣ የመንገዱ ርቀት፣ የጎተራው ባዶነት ስላልተጠየቁ «ተያያዥ ምክንያት» ሆነው አይወጡም። በየጥናቱ የሚዞሩትን ዘጠኙን የድባቴ ጥያቄዎች ተመልከቱ። አንዱ ስለ ምግብ ፍላጎት ነው። ከቤቱ ተፈናቅሎ በመጠለያ የተቀመጠ ሰው ፊት ብዕር ይዘው ይህን ይጠይቁታል። ፍላጎቱ አለ፤ ምግቡ ነው የሌለው። ይህ ልዩነት በመልስ ሣጥኑ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሰውዬው ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ድህነቱ በሽታ ተብሎ ይመዘገባል። እውነተኛው በሽተኛ ደግሞ ከዚያው ድምር ውስጥ ይጠፋል። ሁለቱም ተጎዱ።

ማስተማር ከንቱ ነው አልልም። አገልግሎት ባለበት ቦታ ማስተማር መንገድ ያሳያል። በሌለበት ግን ወቀሳ ብቻ ነው። መንግሥት ራሱ ይህን ያውቃል፤ ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘረጋው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምና በመደበኛው የጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲገባ ነው የወሰነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ በአገራችን ገጠር የተደረገ ሙከራም የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሠልጥኖ፣ ክትትል ተደርጎለት ሲያክም ውጤቱ ከአእምሮ ሕክምና ነርስ እንደማያንስ አሳይቷል። ሰው ሠልጥኖ ሊሠራው ይችላል። መድኃኒቶቹ በብዛት የቆዩና ርካሽ ናቸው። የቀረው አቅርቦቱን የሚጠብቅ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ወደ ቁይ መጠይቅ ይዞ ለሚመጣ ተማሪም ሆነ ፕሮፌሰር አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። መጀመሪያ የሰዎቹን ዕውቀት ከመለካት በፊት ጤና ጣቢያው ይለካ፤ ባለፈው ዓመት ፍሉፌናዚን፣ ክሎርፕሮማዚንና ፌኖባርቢታል የሚባሉት መድኃኒቶች ስንት ቀን አልነበሩም? ከሩቁ ቀበሌ እስከዚያ ድረስ መሄድ ምን ያህል ያስወጣል? በሽተኛው በቀን ስንቴ በላ? እርሻው በእጁ ነው ወይስ ለእኩል ተሰጥቷል? በእድሩ መዝገብ ስሙ አለ? ከታከመ በኋላ ለደቦ ተጠራ? እነዚህ ሁሉ የሚቆጠሩ፣ የሚጻፉ፣ በየዓመቱ ሊነጻጸሩ የሚችሉ ናቸው። ውጤቱም በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ከመቅረት በፊት በአማርኛ ለቀበሌው ስብሰባ ይነበብ። የተጠየቁት ሰዎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ሰምተው «ይህስ ልክ አይደለም» የማለት መብት አላቸው።

ይህን ሳያደርግ «ግንዛቤ ይፈጠር» ብሎ የሚዘጋ ጥናት አማካሪው መልሶ ይስጠው፤ ሥልጠናውን የሚደግፍ ድርጅትም በመጀመሪያ የዓመት መድኃኒት ይግዛ። የቁይ ሰው ጎረቤቱ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተራበ፣ ማን እግሩን ሸፍኖ ከቤት እንደቀረ ጠንቅቆ ያውቃል። የሚያውቀውን ደግሞ አሥር ጊዜ ብንነግረው አንድ ክኒን አይሆንለትም።